የጃሾዳ ምስክርነት በሱንደርጋንጅ ሁከት ዘመን

የሰው ልጅ ከጎረቤቱ ጋር እሳት ተጫጭሮ፣ በሐዘን ተላቅሶ፣ በደስታ ተመራርቆ የሚኖርባቸው ቀናት እንደ ባሕር አሸዋ የበዙ ሳሉ፣ ጸሐፍት በብራና የሚያኖሩለት ግን ጥቂቶቹን የመዓት ቀናት ብቻ መሆኑን ያስተዋለ ልባም አንባቢ፣ ሰላም ዝምተኛ ሁከት ግን ለፍላፊ መሆኗን ያለ መምህር ይረዳዋል። ጠቢባን የከተሞችን ጥፋትና የአሕዛብን መፋጀት በመረመሩ ጊዜ ለታላቅ እሳት ታላቅ ምክንያት ይሻሉ፤ የነገሩን ሥር እስከ ጥልቁ ቆፍሮ ላየ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ክንድ ትዕቢትና አንድ እፍኝ ዝምታ ነው። ትዕቢት ብቻውን ቢሆን በተግሣጽ ይታረማል፤ ዝምታም ብቻውን ቢሆን በጥያቄ ይፈታል፤ ሁለቱ በአንድ ጎዳና በተገናኙ ዕለት ግን አባቶች በስድሳ ዓመት ትዕግሥት የገነቡትን ልጆች በአንዲት እኩለ ቀን ያፈርሱታል። እኔም የምተርክልህ ነገር ይህን የሚመስል ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመፍረድ ሳትቸኩል ጆሮህን አዘንብለህ ስማኝ።

እንግሊዞች በሀገረ ህንድ ላይ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ ከታላላቆቹ የምድር ባቡር መንገዶች ራቅ ብላ፣ በአንድ ጭቃማ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ሱንደርጋንጅ የምትባል ከተማ ነበረች። በምሥራቋ ወገን እህል ነጋዴዎች፣ አንጥረኞችና ጣፋጭ ሠሪዎች የሆኑ ሂንዱዎች፣ በምዕራቧም ወገን ሸማኔዎች፣ ቀለም ነካሪዎችና ቀርከሃ ፈላጮች የሆኑ ሙስሊሞች ይኖሩ ነበር፤ ሸማኔው ፈትሉን ከሂንዱው ይገዛል፣ ሂንዱውም የሙሽራ ልጁን ልብስ ከሸማኔው ያሠራል፤ አንዱ ያለ ሌላው ራቁቱን፣ ሌላውም ያለ አንዱ ጦሙን በዋለ ነበር። በሁለቱ ወገን መካከል በሚያልፈው የገበያ ጎዳና ላይ፣ የእኛን ዋርካ የሚመስል፣ እነርሱ ፒፓል ብለው የሚጠሩት እጅግ ያረጀ ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ሂንዱዎቹ የቅድስና ማደሪያ ነው ብለው ያከብሩታል፣ ውሃ ያጠጡታል፣ ግንዱን በቀይ ክር ይጠመጥሙታል፣ ከቅጠሉም አንዲት እንኳ በብረት እንድትቆረጥ አይፈቅዱም። ሙስሊሞቹም በየዓመቱ ሙሐረም በሚባለው ወር በዐሥረኛው ቀን፣ በጥንት ዘመን በካርባላ ሜዳ ተጠምቶ ስለ ተገደለው ስለ ነቢያቸው የልጅ ልጅ ስለ ሑሴን ሲያለቅሱ፣ የመቃብሩን አምሳል ከቀርከሃና ከባለ ቀለም ወረቀት እንደ ግንብ አንጸው፣ ታዚያ ብለው ሰይመው፣ በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ወንዙ ዳር ይወስዱታል፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውምና በዛፉ ሥር ማለፍ ግድ ሆነ። ከስድሳ ዓመት በፊት ስለዚህ ነገር ጠብ ሊነሣ በደረሰ ጊዜ የሁለቱ ወገን አእሩግ ተቀምጠው፣ ታዚያው ከዐሥራ ስምንት ክንድ እንዳይበልጥ፣ ሂንዱዎቹም በገዛ አካፋቸው በዛፉ ሥር ያለውን መንገድ አንድ ክንድ ዝቅ አድርገው እንዲቆፍሩ ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ከቅርንጫፉ በታች፣ ቅርንጫፉም ከግንቡ በላይ፣ እጅ እንደሚነሣሡ ሁለት ጨዋዎች በየዓመቱ ሲተላለፉ ኖሩ።

የታዚያው ሠሪ ኢናያት የሚባል፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ በዘወትር ቅርጫትና ምንጣፍ እየሠራ የሚኖር፣ በሙሐረም ግን የከተማው ሁሉ ዐይን የሚያርፍበት እጀ ብልኅ ሰው ነበር። ቀርከሃውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ፈልጦ፣ ወረቀቱን እንደ ጥልፍ ፈልፍሎ ያነጸውን ያዩ ሁሉ «ይህ የሰው እጅ ሥራ ነውን?» እስኪሉ ይደነቁ ነበር። ልቡ ደግ፣ አንደበቱ ቁጥብ ሆኖ ሳለ አንዲት ደዌ ነበረችበት፤ እርስዋም ውዳሴ መውደድ ናት። ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ሆነ። ዝናቡ ከወራቱ ዘግይቶ፣ ወንዙ ደርቆ የሆዱ ድንጋይ ገጦ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ አላርፍ ብሎ፣ ሰውም እንስሳም ይቅበዘበዝ ነበር። ከሩቅ ከተሞች የሚመጡ መንገደኞች «እዚያ መስጊድ ረከሰ፣ እዚህ ላም ታረደች» የሚል ወሬ ያራግፉ ነበር፤ ነገሩን ያየ አልነበረም፣ ያልሰማውም አልነበረም። ሰው ጎረቤቱን ሰላም ሲል ዐይኑ ወደ ጎረቤቱ እጅ ይወርድ ጀመር፤ ነጋዴው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁን ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ለከብት መንጃ ብቻ የነበረው በትር ከየበሩ ኋላ ተደግፎ ይታይ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው የሸማኔው ሰፈር ጎበዛዝት ወደ ኢናያት መጥተው፣ በአገራቸው ልማድ ቻቻ፣ ይኸውም አጎታችን ሆይ፣ ብለው ጠርተው፣ «ቻቻ፣ የወዲያ ማዶ ከተማ ሰዎች የእኛን ታዚያ የሕፃን መጫወቻ ነው እያሉ ይዘባበቱብናል፤ የእነርሱ ሃያ ክንድ ነው አሉ። አንቱን የሚያህል ጠቢብ እያለን ስለምን አንገታችንን እንደፋለን?» ያሉት። ኢናያት ውሉን ያውቃል፤ ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ግን በግንቡ ራስ ላይ አንድ ክንድ ጨመረ፤ ለኅሊናውም «ተሸካሚዎቹ ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፤ ማንስ በክንዱ ይለካዋል?» ብሎ መለሰላት።

የዛፉ ጠባቂ ደግሞ ጃሾዳ የምትባል ሂንዱ መበለት ነበረች። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ባሏ ሞቶባት፣ እንደ ወገኗ ሥርዓት ዳግመኛ ሳታገባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ጌጥ ርቃ አርባ ዓመት የኖረች፣ ቁመቷ አጭር ቃሏ የጸና ሴት ናት። ከባሏ ቤት በተመለሰች ጊዜ ሁሉ «ገፊ ናት» ብሎ ሲሸሻት፣ ታናሽ ወንድሟ ቢሻምበር ብቻ ከሱቁ ኋላ ያለችውን ክፍል ሰጥቶ በክብር አኖራት። ቢሻምበር ጣፋጭ ሠሪ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሣቁም ከሆዱ የሰፋ ሰው ነበር፤ በዐሥረኛው ቀን ለሙስሊሞቹ ሐዘንተኞች የጽጌረዳ ውሃ በስኳር በጥብጦ በደጁ ማጠጣትን ከአባቱ ወርሶ ነበር። ጃሾዳ በየማለዳው በመዳብ ማሰሮ ውሃ ቀድታ ዛፉን ታጠጣለች፤ የሂንዱዎቹ ሽማግሎችም፣ አለቃቸው እህል ነጋዴው ዳምሪ ላል ሳይቀር፣ ስለዚህ አገልግሎቷ መንገድ ይለቁላት ነበር። ለመበለት ያ ክብር ጣራዋ ነው። ስለዚህም በዚያ በጋ ከጎዳናው በላይ ከተዘረጋው ታላቅ ቅርንጫፍ ብብት ምስጥ የጣለውን አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት ባየች ጊዜ፣ ለሽማግሎቹ ብትናገር «ዛፉን ያደረቀችው የእርስዋ እጅ ነው» እንዳይሏት ፈራች፤ በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ጠረገችውና ዝም አለች።

ዐሥረኛው ቀን በደረሰ ጊዜ ከማለዳው ጀምሮ ከበሮ ተመታ፤ ደረቱን እየደቃ «ያ ሑሴን! ያ ሑሴን!»፣ ይኸውም ሑሴን ሆይ፣ የሚለው ሕዝብ ከሸማኔው ሰፈር እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ከመካከሉም ታዚያው፣ አረንጓዴ ጨርቅ በትከሻቸው ያሰሩ ዐሥራ አንድ ጎበዛዝት ተሸክመውት፣ ወርቅማው ወረቀቱ በነፋሱ እየተንሿሿ ይጓዝ ነበር። ከዛፉ ሥር በደረሱ ጊዜ ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው አቧራውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አሉ፤ የግንቡ ራስ ግን ከቅርንጫፉ ጋር ተጋጥሞ ቀረ። ከኋላ ያለው ሕዝብ የሆነውን አላየምና መግፋቱንና ከበሮውን መምታቱን አልተወም፤ ከፊት ያለው ደግሞ ወደ ኋላ መመለስን እንደ ሽንፈት ቆጠረው። በየሰገነቱ ላይ ሂንዱዎች ቆመው ነበር፤ ከአንዳንዶቹ እግር አጠገብ ጡብ ተከምሮ ይታያል፣ ማን መቼ እንደ ከመረው የተናገረ የለም። ያን ጊዜ ጃሾዳ ከግንዱ ሥር ተነሥታ ወደ ኢናያት ቀረበች።

«ኢናያት ሚያን፣» አለችው በማክበሪያው ጠርታ፣ «ስድሳ ዓመት ያለፈ ግንብ ዛሬ ስለምን ቆመ?»

ኢናያት ላቡን ጠረገ። «እንጃ፣ እናታችን። መንገዱን ደለል ሞልቶት ይሆናል።»

መንገዱን በዋዜማው ራሷ አስጠርጋዋለችና ሐሰት መሆኑን ዐወቀች፤ ነገር ግን ጡቡንም አይታለች፣ የጎበዛዝቱንም ዐይን አይታለች። ከሰገነት አንዱ «የግንቡን ራስ ቁረጡ!» አለ፤ ከሕዝቡም አንዱ «ቅርንጫፉን ቁረጡ!» ብሎ መለሰ። ጃሾዳ እጇን አነሣችና «ማንም ምንም አይቆርጥም፤ ገመድ አምጡ። ቅርንጫፉን በእኛ እጅ ቀና እናደርገዋለን፣ እናንተም በሰላም ታልፋላችሁ» አለች። ወንድሟ ቢሻምበር ከሱቁ ደጅ ገመድ ይዞ መጣና ሆዱን እየዳበሰ «አንቺ እኅቴ፣ በዚህ ሆዴ ዛፍ ውጣ ትዪኛለሽ?» ቢላት፣ በቅርብ የነበሩት የሁለቱም ወገን ሰዎች ሣቁ። ወጣም፤ ገመዱን በላይኛው ቅርንጫፍ አሻግሮ አሰረ፤ ወረደም፤ ሂንዱውም ሙስሊሙም በአንድነት ጎተቱ፤ ቅርንጫፉ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር ቀና አለ፤ ተሸካሚዎቹ ተነሥተው ገሰገሱ፤ ግንቡ እኩሌታው አለፈ። ኢናያት እፎይ ለማለት አፉን በከፈተባት ቅጽበት ቅርንጫፉ ከብብቱ እንደ መድፍ ጮኾ ተገነጠለና በታዚያው ላይ ወደቀ። ከሰገነቱ «ቆረጡት!» የሚል ጩኸት ወረደ፤ ከሕዝቡም «ታዚያውን ሰበሩት!» የሚል ጩኸት ወጣ። ጃሾዳ «ማንም አልቆረጠውም! ስሙኝ፣ ማንም አልቆረጠውም!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ከበሮው ግን ዋጣት። የመጀመሪያው ጡብ ያን ጊዜ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን የሆነውን ሁሉ መዘርዘር የተራኪን ብዕር ያረክሳል፤ ጨርሶ መሸሸግም የሙታኑን ደም ያራክሳል። የቀለም ነካሪዎቹ ጋኖች ተሰባብረው የሸማኔው ሰፈር ጎዳና ሰማያዊ ሆነ፤ በዚያም ሰማያዊ ጭቃ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከእጅ ሥራው ዕቃ ሳይላቀቅ በጎራዴ ተመትቶ ተገኘ። የአንጥረኞቹ ጎዳና ነደደ፤ ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በወንዙ ደረቅ ሆድ ውስጥ ሸሹ፤ ትናንት በአንድ ጉድጓድ ውሃ የቀዱ ሰዎች ዛሬ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሬሳ ጣሉ። ንጹሑ ከበደለኛው፣ አሳዳጁ ከተሳዳጁ በየሰዓቱ ስፍራ ይለዋወጥ ነበር፤ ጧት ቤቱ የተቃጠለበት ከሰዓት በኋላ የሌላውን ቤት ያቃጥላል። በሁለተኛው ቀን በቀትር፣ ጃሾዳ ከሌሎች ሴቶች ጋር በሂንዱዎቹ ቤተ አምልኮ ተጠግታ ሳለች፣ ቢሻምበር የአባቱን ታላቁን የናስ ድስት አወጣለሁ ብሎ ወደ ሱቁ ገባ። ከሸማኔው ሰፈር የመጣ ሕዝብ በዚያ ደረሰ፤ ከሕዝቡም አንዱ በሩን ከውጭ ቀረቀረው፤ እሳትም ለቀቁበት። በማዶ ቤት ተሸሽጋ የነበረች አሮጊት የቀርቃሪውን ፊት አላየችም፤ በትከሻው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ እንደ ነበረ ግን አየች። ጃሾዳ በተመለሰች ጊዜ ግድግዳው ገና ይግል ነበር። አላለቀሰችም አሉ። ከደጁ ተቀምጣ፣ ያ የሚያስቅ ሰው የተኛበትን አመድ እስኪበርድ ድረስ ጠበቀች።

በአራተኛው ቀን የእንግሊዝ ወታደሮች ገብተው ከተማይቱን ጸጥ አሰኙ። ኢናያትና ዐሥራ አንዱ ተሸካሚዎች ተይዘው፣ አስቀድመው ተማክረው የተቀደሰውን ዛፍ በመጥረቢያ በመቁረጥ ሁከት አስነሥተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ነገሩ የተረጋገጠባቸው እንደ ሆነ ፍርዱ ስቅላት፣ ቢቀልም ከባሕር ማዶ ወዳለች ደሴት ግዞት ነበር። ከአንድ የተቃጠለ ቤት የተገኘ መጥረቢያም ለማስረጃ ቀረበ። የጎደለው ምስክር ነው። ስለዚህ ዳምሪ ላል ወደ ጃሾዳ መጣ፤ በፍርስራሹ ደጅ ቆሞ፣ አመዱ ጫማውን እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ተናገረ።

«ከሁሉ ይልቅ ለቅርንጫፉ ቀርባችሁ የቆማችሁት አንቺና ቢሻምበር ነበራችሁ። እርሱ አልፏል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። መጥረቢያ አየሁ በዪ፤ ሌላ ቃል አንሻም።»

«መጥረቢያ አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ወንድምሽን ያቃጠሉት እነርሱ አይደሉምን? ከዐሥራ አንዱ አንዱ ያን በር እንደ ቀረቀረ ታውቂያለሽ። ያየው ግን የለም፤ በበሩ ልንይዘው አንችልም። በመጥረቢያው ካልተያዘ በምን ይያዛል? ነገ በደጅሽ ሲያልፍ ልታዪው ነው?»

የነገራት ሁሉ ጃሾዳ በልቧ ስታመላልሰው የሰነበተችው ነበር። ኋላም ቀና ብላ «አንቱስ ከሰገነት ሆነው አይተዋል፤ ስለምን አንቱ አይምሉም?» አለችው።

«እኔ ሩቅ ነበርሁ።»

«እኔ ቅርብ ነበርሁ፤» አለች፣ «መከራዬም ይኸው ነው።»

እርሱ ከሄደ በኋላ ስድስት ቀን አመድ እየጠረገች «መጥረቢያ» የምትለውን ቃል በከንፈሯ ትለማመድ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ጻድቅ ናት ብለህ አትቸኩል፤ ቃሉን ወደደችው፣ ጣፈጣት፤ በዐሥራ ሁለት አንገት ላይ ገመድ ሲገባ እያየች አንዱ የወንድሟ ገዳይ ነው እያለች ተጽናናች፤ የቀሩት ዐሥራ አንዱ ግን በሐሳቧ አፍጥጠው ሲያዩዋት ደግሞ ጠላችው። ከችሎቱ በር እስክትደርስ ድረስ ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።

ችሎቱ በሰውና በሙቀት ታጭቆ፣ ከጣራው የተንጠለጠለው የጨርቅ ማራገቢያ የሞቀውን ነፋስ ከወዲህ ወዲያ ይገፋ ነበር። በቀኝ ሂንዱዎቹ፣ በግራ ሙስሊሞቹ ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ወታደር ቆሞ ነበር። ጃሾዳ ምላ በቆመች ጊዜ በመጀመሪያ ያየችው ዳኛውን አልነበረም፤ ተከሳሾቹን አንድ በአንድ አየች፣ ፊት ለፊት፣ እንደምትቆጥራቸው። አንዱ አቀረቀረ፤ አንዱ አለቀሰ፤ አንዱም መልሶ አያት፤ ከማቀርቀሩም ከልቅሶውም ከማየቱም ምንም ልትረዳ አልቻለችም። እንግሊዛዊው ዳኛ በአስተርጓሚ «ይህን መጥረቢያ ታውቂዋለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቀውም።»

ከቀኝ ወገን ጉርምርምታ ተነሣ። ዳኛው ጸጥ አሰኝቶ «ታዲያ ቅርንጫፉን ማን ቆረጠው?» አላት።

«ምስጥ ነው፣ ጌታዬ። በበጋው ዱቄቱን አይቻለሁ። ጠባቂነቱን እንዳይነሡኝ ፈርቼ ጠርጌ ደበቅሁት። ገመድ አምጡ ያልሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜን ወደ ዛፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።» እጇንም ወደ ውጭ ዘርግታ ቀጠለች። «የተገነጠለው እንጨት በወታደሮቹ ግቢ ተጥሏል፤ ይሰንጠቅና ይታይ።»

እንጨቱ መጣ፤ በዳኛው ፊት ተሰነጠቀ፤ ልቡ እንደ አሮጌ ቀፎ ባዶ ነበር፣ የብረት ምልክትም አልነበረበትም። ዳኛው ብዕሩን አስቀምጦ፣ ምናልባት ከሥርዓቱ ወጥቶ፣ «ወንድምሽንስ የገደለው ማን ነው?» አላት።

«ከእነዚህ አንዱ ይመስለኛል፤» አለች ወደ ተከሳሾቹ ሳትመለከት። «ማን እንደ ሆነ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።»

ያን ጊዜ ኢናያት፣ ሳይጠየቅ፣ የእግር ብረቱን እያንኳኳ ተነሣ። «ጌታዬ ዳኛ፣ በውሉ ላይ አንድ ክንድ የጨመርሁ እኔ ነኝ፤ እነዚህ ሊያመሰግኑኝ እንጂ ሊያዝዙኝ አልቻሉም፣ ሥራው የእጄ ነው። ደለል ነው ብዬ እርስዋን የዋሸሁም እኔ ነኝ። እውነቱን በዚያች ሰዓት ብናገርና የግንቡን ራስ በገዛ እጄ ባወርደው ኖሮ እኔ አፍር ነበር፣ ቢሻምበርም ይሥቅ ነበር።» ከግራ ወገን ደግሞ ጉርምርምታ ተነሣ፤ አንድ ሸማኔም ምራቁን ተፋ። ዳኛው ዐሥራ አንዱን ለቀቀ፤ ኢናያትን ውል በማፍረስና ሕዝብን ለሁከት በማጋለጥ ሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት። ጃሾዳ ከችሎቱ ስትወጣ ወገኖቿ ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏት፤ ያ መከፈል ግን እንደ ወትሮው መንገድ መልቀቅ አልነበረም።

በማግሥቱ የመዳብ ማሰሮዋን ወሰዱባት፤ ዛፉንም ለሌላ ሰጡ። በዳምሪ ላል ሰገነት ላይ «ወንድሟን ሸጠች» ተባለ። እርስዋም ከተቃጠለው ሱቅ ተርፋ በነበረችው ክፍል ጣራ ሠርታ፣ በደጇ ምድጃ አቁማ፣ ሽምብራ እየቆላች መሸጥ ጀመረች፤ ሦስት ወር ያህል የሚገዛት አልነበረም፣ የቆላችውን ራሷ በልታ ትውል ነበር። ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ ሳይታወቅ አንድ ነገር ተለወጠ። ቂም እንጨት ይሻል፤ መጥረቢያ አለመኖሩ በአደባባይ ከታወቀ ወዲህ «ቆረጡት» ብሎ ሰውን መቀስቀስ አልሆነም፤ ታዚያው ባንድ ክንድ መርዘሙ ከራሱ ከሠሪው አፍ ከተሰማ ወዲህም «ያለ በደላችን ነው» ብሎ መማል አልሆነም። ሁለቱም ወገን ተናዶ፣ ሁለቱም ወገን አፍሮ ተቀመጠ። ፈትል ያለ ሸማኔ አይሸጥምና፣ ሸማኔም ያለ ፈትል አይሠራምና፣ በመጀመሪያ በአማላጅ፣ ኋላም ፊት ለፊት መገበያየት ጀመሩ፤ ሳይሣሣቁ፣ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ሳይቀባበሉ በመደብ ላይ እያስቀመጡ። የጃሾዳንም ሽምብራ አንዱ ገዛ፣ ሌላው ተከተለ። ሙሐረምም በደረሰ ጊዜ ሙስሊሞቹ በደረቁ ወንዝ ዳር አዲስ መንገድ ጠርገው፣ እጥፍ ዙረው ሄዱ። ማንም አላመሰገናቸውም፤ ማንም ግን ጡብ አልከመረም።

ኢናያት ዘመኑን ፈጽሞ በተፈታ ጊዜ ጠጕሩ እንደ ጥጥ ነጥቶ፣ ጣቶቹ በእስር ቤት ድንጋይ ፈለጣ ተቈልምመው ነበር፤ ቀርከሃ ዳግመኛ አልነካም። ከተፈታ አንድ ወር ያህል ሲቆይ፣ በአንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ጃሾዳ ደጅ መጣና ከምድጃው ወዲያ ቆመ። እርስዋም ዐወቀችው፤ እጇ ከብረት ምጣዱ ላይ ሽምብራውን ማማሰሉን አላቋረጠም።

«እናታችን፣ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤» አለ።

«እስር ላይ ነበሩ።»

«ከዚህም ሌላ ነገር አለኝ። ከዐሥራ አንዱ አንዱ፣ ከተፈታሁ ወዲህ፣ ቤቴ መጥቶ ከእግሬ ወደቀ። በሩን የቀረቀረው እርሱ ነው። ከራሱ አፍ ሰማሁት። ስሙን ልነግርዎ መጥቻለሁ፤ ለአንቱ ሳልነግር ብሞት ያን ቀን እንደ ዋሸሁዎት ዳግመኛ የምዋሽዎት ይመስለኛል።»

የጃሾዳ እጅ ቆመ። ሽምብራው ማረር ጀመረ፤ ጢሱ በሁለቱ መካከል ወጣ። «በዚህ ከተማ ነው?» አለች።

«በዚህ ከተማ ነው።»

«ልጆች አሉት?»

«ሦስት።»

«ከእኔ ሽምብራ ይገዛል?»

ኢናያት አቀረቀረ። «እርሱ አይደፍርም። ሚስቱ ትገዛለች።»

ጃሾዳ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደች። ወደ ጎዳናው ተመለከተች፤ አንዲት ሴት እንስራ ተሸክማ ታልፍ ነበር፣ ኋላዋም ሌላ ሴት፤ ፊታቸውን ልታይ ስትል ዐይኗን መለሰች።

«ስሙን አይንገሩኝ፤» አለች። «ያወቅሁትን መሸሸግ አንድ ጊዜ ሞክሬ ያመጣውን አይተዋል፤ ዳግመኛ አልችልበትም። ከነገሩኝ እናገራለሁ፤ ከተናገርሁም ይህ ጎዳና ሁለተኛ ጊዜ ይነድዳል። እርስዎ ይያዙት።»

«ይከብደኛል፣ እናታችን።»

«ይክበድዎት፤» አለችው። «እኔም የምሸከመው አለኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ ያልሆነውን አልናገርም። አሁን ይሂዱ፣ ወደዚህም ደጅ አይመለሱ።»

ሽማግሌው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደላትና ሄደ፤ የመጀመሪያው የዝናብ ነጠብጣብ በትከሻው ላይ ሲወርድ አልፈጠነም። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ፤ ያንን ሰው በየዕለቱ በመስጊዱ ደጅ ያገኘው፣ ሰላምታውንም ይመልስለት ነበር፤ በሞተም ጊዜ ከንፈሩ እንደ ተገጠመ ነበር። ጃሾዳም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በደጇ ሽምብራ ቆላች፤ ከሸማኔው ሰፈር ለሚመጡ ሴቶች ሁሉ በእኩል መስፈሪያ ሰፈረች፣ የማንንም ፊት ግን ቀና ብላ አላየችም። በእሳት ያለፈች ከተማ በሁለት ምሰሶ ትቆማለችና፤ አንዱ በአደባባይ የተነገረው እውነት ነው፣ ሁለተኛውም አንድ ሰው ለብቻው ተሸክሞት ወደ መቃብር የሚወርደው።